የቀን ጠይም

ጋሽ ደስበለው በሞተ በአራተኛው ቀን
ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ተሰልፈን አየን።
ካንሳስ ሲቲ በረዶ፣ ጫማችን እርጥብ፣
የቀብር ቤቱ ምንጣፍ ውሃችንን ሲስብ።

የቀን ጠይም ነበር፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤
ሃያ ዓመት ሙሉ በታክሲው አመላልሶናል።
የተኛው ግን ሌላ፤ አመድ የተነሰነሰበት፣
ጉንጩ ላይ የኮክ ቀለም የተለቀለቀበት።

እትዬ አጸደ ሣጥኑን ዞረችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
“ይኼ የእኔ አይደለም። ባሌን አምጡልኝ፣ በሞቴ!”
ሠራተኛው፣ ልጅ ነው፣ ከረባቱን ሲያጠብቅ ሲያላላ፣
“ያለን ቀለም ይኼው ነው” አለ፤ “የለንም ሌላ።”
ክፉ ሰው አልነበረም።
ዱቄቱ ገና ጣቶቹ ላይ ነበር።

መጋቢት ላይ ሦስት ፖስታ ከኮሌጆች ደረሰኝ፤
እናቴ ነካችው፣ እጇን ታጠበችና ወቀሰችኝ፦
“ነርስ ብትሆኚስ? እዚያም እኮ ሬሳ ሞልቷል፤
ከሙት ጋር ስትውዪ ማን ደፍሮ ሽማግሌ ይልካል?”
አባቴ ክፍያውን ብቻ አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፤
“ሞትም በክሬዲት ሰዓት ይሸጣል!” አለና ሳቀ።

እኔ ስልክ ደወልኩ። ጥያቄዬ አንድ፦
የፊት ቀለም ሣጥናችሁ ስንት ዓይነት ቡኒ አለው?

አንደኛው፣ ምሥራቅ ያለው፣ ግንቡን ሐረግ የለበሰ፣
ፈተና ያለፉትን በመቶኛ ሲቆጥርልኝ ጥያቄዬ ፈሰሰ።
ሁለተኛው በኢንተርኔት ነው፤ “ከቤትሽ ሳትወጪ” አለ፣
“ማጠቡም፣ መስፋቱም፣ መቀባቱም በቪዲዮ ስላለ።”
እጄስ? አልኩት። እጄ የት ሄዶ ይማራል?
ስልኩ ሙዚቃ ከፈተልኝ፤ እስካሁን ይዘፍናል።

ሦስተኛው ወንዙን ማዶ፣
በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ፣ ከጎማ መሸጫው ኋላ፣
መስኮቱ ትንሽ፣ ስሙ ከበሩ ላይ የላላ።
ያነሳችው መምህርቷ ናት፣ ሚስስ ኖቫክ፤ ጉንፋን ይዟታል።
“ቆዪ” አለች። ሣጥን ሲከፈት፣ ክዳን ሲንኳኳ ይሰማኛል።
ጮክ ብላ ቆጠረች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አራት።
“ሁለቱ ደርቀዋል” አለች። ቆየች ሳትተነፍስ ለቅጽበት።
ከዚያ፦ “አይበቃም፣ አይደል?”

ምን ልበላት?
ቀይ አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ የቀን ጠይም፤
ጥቁርም አለ፣ ጥርት ያለ። ለዚህ ሁሉ
በእሷ ቋንቋ ስም አላገኘሁም።
“መስከረም ላይ ነይ” አለችኝ፣ እያስነጠሰች፣
“አንቺ ስሙን፣ እኔ ብልቃጡን።”

የመመዝገቢያውን ሃምሳ ዶላር ያን ማታ ከፈልኩ፤
ለማንም ሳልናገር ተኛሁ፣ ማለቴ ጋደም አልኩ።
ሌሊት ውሃ ፍለጋ ስወጣ እናቴ ኩሽና ቆማለች፣
የምድጃዋን አምፖል ብቻ አብርታ
በቦርሳዋ መስታወት ጉንጯን ታያለች።
ዞር አላለችም።
“የኔን” አለች፣ “ከየትኞቹ ትቀላቅይዋለሽ?”