ይሳፈራሉ?

መጀመሪያ ኮርቻ አይደለም፤ መጀመሪያ ብሩሽ ነው፣
ከመቀመጥሽ በፊት፣ እጅሽን ያሽትተው።
በግራው በኩል ቅረቢ፣ ከኋላው አትምጪበት፣
ስሙን ጠርተሽ አንገቱ ላይ መዳፍሽን አሳርፊበት።
ጋማውን በውኃ አርሺው፣ ቋጠሮውን ፍቺ ቀስ ብለሽ፣
ሹሩባሽ ሲፈታ እንደሚያምሽ፣ እሱንም ያመዋል እንደ ራስሽ።

እንዲህ ብዬ ጀመርኩላት፣ ለይታይሽ፣ ለልጄ፣
ጫጫ ላይ፣ ከጋሪ መልስ፣ የዛብ ሽታ ሳይለቅ ከእጄ።

ቦራ የጋሪ ፈረስ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጭረት፣
ቁመቱ ድንክ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ትከሻው ላይ የገመድ ምልክት።
ሰባት ዓመት ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ጎትቷል፣
ሲሚንቶ፣ ገብስ፣ ነፍሰ ጡር፣ የሙሽራ ሳጥንም ጭኗል።
ጥሩምባ አያስደነግጠውም፣ የሲኖ ትራክ ጭስ ለምዷል፣
ደንበኛ እጁን ካነሳ፣ ሳልነግረው ራሱ ይቆማል።

ወረዳው የፈረስ ትርዒት ጠራ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ በሜዳው፣
«የልጆችም ምድብ አለ» ብሎ ጻፈ በሰሌዳው።
እሷ አንብባ መጣች።
«አባዬ፣ ቦራን…» አለችና ቀሪውን በዓይኗ ጨረሰች።

ቃል አጣሁ። ሌሎቹን አውቃለሁ፦
ከአያት የወረደ ኮርቻ፣ ገብስ የጠገበ ዳማ፤
የኛው ደግሞ ገለባ በልቶ፣ ከሚኒባስ መንገድ የሚሻማ።

ሦስት ወር፣ ጠዋት ጠዋት፣ ውርጩ ሣሩን ሳይለቀው፣
ረጅም ገመድ ይዤ መሐል፣ እሷ ዙሪያዬን ስትነዳው፣
«ዛቡን አታጥብቂ» እላለሁ፣ «አፉ ሥጋ ነው፣ ብረት አይደለም፤
ዓይንሽ ወደምትሄጂበት እንጂ ጆሮው ላይ አይተከልም።
ጉልበትሽ ይቀፈው፣ አይቆንጥጠው፣ ወገብሽ ይላላ፤
ሶምሶማ ሲጀምር አብረሽው ተነሺ፣ ከሱ በፊትም አይሁን፣ ከሱም በኋላ…»

ወደቀች።
ደግማ ወደቀች።
በሦስተኛው አንድ የወተት ጥርስ በመዳፏ ይዛ አሳየችኝ፣
«ይኼ ድሮም ሲነቃነቅ ነበር» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

እናቷ ከአሮጌ መጋረጃ ግላስ ቆርጣ ሰፋች፣
ከራሷ ሹራብ ቀይ ክር ፈትታ ዘርፍ አንጠለጠለች።
ሰኮናውን በተቃጠለ ዘይት ወለወልነው እስኪያበራ፤
ሌሊቱን ማን እንደተኛ አላውቅም። ተኝቶ ያደረው ቦራ።

ሜዳው በመንዝ ባና ጠቁሯል። ባለ ማይክራፎኑ ጮኸ፦
«የፈረስ ስም?»
«ቦራ።»
«የሱ አይደለም፣ ያንቺ! አባ ምን ብለን እንጥራሽ?»
«ገና ነው» አለች፤ «ሲወጣልኝ እነግርሃለሁ መጥቼ።»
እኔ ከገመዱ ወዲህ ቆሜ፣ ትንፋሼን በጋቢዬ ውጬ።

እርምጃው ጸዳ። ዙሩም ጸዳ። ሶምሶማው ደግሞ ሲያምር!
አንገቱን ቀለሰ፤ ያ ጋሪ ጎታች፣ ያ የኔ ሚስኪን፣ ሲያፍር ሲኮራ በአንድ ላይ፣
ጆሮው ቀጥ፣ ቀዩ ዘርፍ እሳት መስሎ በፀሐይ።
ያኔ ነው ዋናው ዳኛ፣ ብርሃን ሊከልል ከዓይኑ፣
እስክሪብቶ እንደያዘ ከፍ ያደረገው እጁን።

ቦራ ቆመ።

ጎኑን ሰጥቶ፣ በጨዋ ደንብ፣ ዳኛው ፊት ቆመ።
ብትገፋው፣ ብታባብለው፣ ወይ ፍንክች።
ሜዳው ሳቀ። እኔ ጋቢዬ ውስጥ ገባሁ።
ስወጣ፣ ልጄ ዛቧን አላልታ፣ ጎንበስ ብላ፣
«ጋሼ» ትላለች፣ «ይሳፈራሉ?»

ከአራት ልጆች አራተኛ። ሽልማቱ ሁለት ደብተር፣ አንድ ባልዲ።
ባልዲውን ኮርቻው ላይ አንጠልጥለን፣ በአስፋልቱ ዳር ወደ ቤት ስንሄድ፣
አንዲት እናት፣ ጆንያ ከእግራቸው ሥር፣ እጃቸውን አነሱ።

ቦራ ቆመ።
ይታይሽ ወረደች። ጆንያውን ጫንን፣ እሳቸውን ደግፈን አወጣን፣
ልጓሙን ይዛ ፊት ፊት ሄደች።
«ሂሳብ ስንት ነው፣ ልጄ?»
ዞር እንኳ አላለች።
«ዛሬ ሥራ ላይ አይደለም፣ እማማ። ትርዒት ላይ ነው።»