መጣ ወይ?

ሃያ ሁለት ዓመት ዲሽ ስተክል፣ ስነቅል፣
ከሂርማታ እስከ ጅሬን ቆርቆሮ ላይ ስንጠለጠል፣
ሥራዬ አንድ ጥያቄ ነው፤ ቁልቁል እጮኻለሁ፣
«መጣ ወይ?» እላለሁ።
ከታች ሙዘይን ረዳቴ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣
«አልመጣም!» ይለኛል፣ አፉን ሞልቶ ቆሎ።
አንድ ጣት ወደ ምዕራብ፣ ፀጉር ታክል ወደ ላይ፣
ወዲያው ይጎርፋል ሁሉም፣ ባዶ ከሚመስለው ሰማይ፤
ኳስ፣ ሰርግ፣ ዜና፣ ቁርኣን፣ የቱርክ ለቅሶና ድራማ፤
«መጣ!» ይላል ሙዘይን፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ።

ነሐሴ ነበር፣ ጅሬን ዳገት፣ አባ ዱራ ግቢ፤
ዝናቡ ትንፋሹን ሲውጥ፣ ደመናው እንደ አሮጌ ጋቢ
ተተርትሮ፣ ኮከብ ታየ።
(በጅማ ክረምት ኮከብ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤
ሳይነግር ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል።)
ሽማግሌው መንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ ማዕዘን ያውቃሉ፤
መሰላሌን ይዘውልኝ፣ ቀና ብለው፣
«አንተ ልጅ» አሉ፣
«ይህን ሣህንህን አልፈህ፣ ከሳተላይቱ ባሻገር
ብታዞረው፣ እዚያ ማዶ ይኖር ይሆን የሚናገር?»

ሳቅሁ። ወዲያው መሳቄ አሳፈረኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ? ሙያዬ ብሎንና ሽቦ ነው።
ግን ይቺን አይቻለሁ፦
ቦሳ አዲስ፣ ሰው የለቀቀው ቤት ጣሪያ ላይ፣
ከምሰሶው የወደቀ ዲሽ ነበር፤
በጀርባው ተንጋሎ ሁለት ክረምት የጠጣ።
ላወርደው ወጥቼ ጎንበስ ስል፣
ውሃው ተነቃነቀ።
የቢምቢ እጭ፣ ስሙን የማላውቀው ትል፣
አረንጓዴ ጢም የመሰለ ሽበት፣
ዳር ላይ ደግሞ ሽንብራ የምታክል እንቁራሪት።
ማን አወጣት? በየት?
ማንም ሳይጠራት፣ ማንም «መጣሽ ወይ?» ሳይላት።

ጅማ እንዲህ ናት፤ እርጥበቷ ሥራ አይፈታም፤
ቁም ሣጥን ውስጥ ጫማ ይሸብታል፣
የሠርግ አልበም ሻጋታ ያብባል፣
በርጩማ እንኳ ካልወለወሉት ቅጠል ያወጣል ይላሉ።

እና አልኳቸው፦ «ኮከቡ እንደ ቦዬ ቄጠማ ከበዛ፣
ስንቱ ጎድጓዳ ውሃ ይዟል? ስንቱ ድንጋይ ርሶ ወዛ?
በአንዱ ሣህን እንቁራሪት ከተቀመጠች ሳትጠራ፣
ሌላው ሁሉ ደረቅ ነው ብሎ ማን ይምላል ሳይፈራ?»

ቀያሽ አይቸኩልም።
አባ ዱራ ጥቂት ከንፈራቸውን አኘኩ።
«በአንድ ችካል መንገድ ቀይሼ አላውቅም» አሉ፤
«መስመር ሁለት ችካል ይፈልጋል።
ያንተ እንቁራሪት እናት አላት፤
ከረግረጉ ወጥታ በግድግዳው ተስባ ነው።
የመጀመሪያዋንስ ማን አመጣት?
አንዴ ብቻ የሆነ ነገር ቢሆንስ?
ሁለተኛውን ችካል አሳየኝ።»

አላሳየሁም። የለኝማ።

ቢሆንም «ሲግናል የለም» የሚለውን ጽሑፍ
ሃያ ሁለት ዓመት አንብቤዋለሁ፤ ውሸታም ነው።
«የለም» ሲል «አላገኘሁም» ማለቱ ነው።
ምናልባት እነሱም አንድ ጣት ስተዋል፤
ምናልባት እዚያም ነሐሴ ነው፤
ምናልባት ጣሪያው ላይ የወጣው ሰውዬ
እኛ ገና ጭቃ ሳለን ጠርቶን ጠርቶን፣ መልስ ቢያጣ፣
መሰላሉን ተሸክሞ ሄዷል።
ምናልባት ደግሞ
ማንም የለም።

ይህን ስል ደመናው ገጠመ። መብራትም አብሮት ጠፋ፤
ከአዌቱ ወዲህም ወዲያም ከተማው የለ።
አባ ዱራ በጨለማው ቁርጭምጭሚቴን ዳብሰው ያዙ፤
«ውረድ» አሉኝ፣ «ቆርቆሮው ያዳልጣል።
አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።»

ስለ እኔ ይሁን ስለ ምድር፣ አልጠየቅኳቸውም።

የቦሳ አዲሱን ዲሽ ግን አላወረድኩም።
ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ደወለ፤
«ብሎኑ ዝጓል» አልኩት። ሙዘይን ሳቀብኝ።
አንዳንድ ማታ በዚያ ሳልፍ ቆም እልና፣ በቀስታ፣
«መጣ ወይ?» እላለሁ ወደ ላይ።
ዝናብ ያለ ቀን፣ ትመልሳለች።