ክዳኑን መጀመሪያ

ክዳኑን መጀመሪያ፣ አንዋር፣ ውኃውን ቀጥለህ።
ቸኩለህ ከነከርህ፣ ትላንት እንዳየሁህ፣
በዚያች የሽንብራ ፍሬ በምታክል ቀዳዳ
ባሕር ይገባና ይቀራል እንደ እንግዳ፤
ያውም እንደማይሄድ እንግዳ።

ክዳኑም ራሱ እርጥብ ነው፣ ጥረገው።
ካልፋን ሲያስተምረኝ በሲሊንደር አየር ነበር የሚነፋው፤
እኔ ጩኸቱን አልወድም፣ ጆሮ ይበሳል፣
ጨርቅም ከትዕግሥት ጋር ከዚያው ይደርሳል።

ከዚያ ለብ ያለ ውኃ፣ ጨው የሌለበት፣
ግማሽ ሰዓት ይተኛበት።
የደረቀ ጨው ድንጋይ ነው፣
የሚሟሟው ለታገሠው ነው።

ይቺን ቁልፍ ግን፣ አፉ ላይ ያለችውን፣
ውኃ ውስጥ ሳለ እንዳትነካት።
መጫን ማለት በር ከፍቶ
ሌባን ግባ ማለት፤
በቧንቧው ሽቅብ ይሄዳል እስከ ራሱ፣ እስከ አንጀት።

እኔ ተጭኛታለሁ።
በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ኮርፋካን በወበቅ ታፍና፣
አረፋው አስቆኝ፣ እንደ ሕፃን ደግሜ ደጋገምሁና።
ስምንት ወር ዝም አለ።
ዝገት ድምፅ የለውም፣ ውስጥ ለውስጥ ነው ሥራው።
አንድ ጠላቂ፣ በአሥራ ስምንት ሜትር፣
አየሩ እንደ ሙጫ ከበደኝ ብሎ ወጣ፣
ፊቱ አመድ ለብሶ፣ ከንፈሩ ደም ያጣ።

ካልፋን ፈታው። ማጣሪያው ብር መሳይ ነበር፣
ተቀብሮ እንደ ወጣ መዳብ አረንጓዴ ሆኗል።
አልተቆጣም። ጠረጴዛው ላይ አኖራትና
«ያንቺ ናት» አለኝ፤ ሻዩን ሊጠጣ ሄደ።
ይኸው እስከ ዛሬ በቦርሳዬ ጥግ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ።

አንተ ዋና ታውቃለህ፣ የሐይቅ ልጅ ነህ።
እኔ ሉባባ ከጉልበቴ በላይ ባሕር ገብቼ አላውቅም።
ግን በየማታው፣ ጥላ ሥር ተሰቅለው ሲደርቁ
(ፀሐይ ላይ አይሰቀልም፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ልረሳው ነበር)
አንድ በአንድ አውርጄ፣ ከሲሊንደር አጋጥሜ፣
እተነፍስባቸዋለሁ በደረቅ ምድር ቆሜ።
ስሙን የማላውቀው ሰው ነገ ታች የሚስበውን
ዛሬ እኔ እስበዋለሁ፣
ቀዝቃዛ ነው፣ ጎማ ጎማ ይላል፣
እንደ ሰው ቤት ቁልፍ በአፌ እይዘዋለሁ።

ዛሬ ሰባት ናቸው። ስድስቱ ደህና።
ሰባተኛው ሲስቡት ያፏጫል፣ ስማው እስቲ።
እንደሱ አይደለም፣ ቅረብ። አፍህን ዝጋና ጆሮህን።
ሰማህ?
መዝገቡን አምጣ፣ ጻፍ፦
ሰባት ቁጥር ነገ አይወርድም።