ከእርሳሱ ስር

በዊኒፔግ ከተማ፣ በጥር መገባደጃ፣
ስልኬ ጮኸ በጠዋት፦ «ሞቶብናል ምድጃ!»
ሳጥኔን አንጠልጥዬ፣ ሐዲዱን ተሻግሬ፣
ጡብ ቤት ደጃፍ ቆምኩኝ፣ በብርድ ተኮማትሬ።
ደወሉን ስጫነው ብረቱ ጣቴን ያዘው፣
አልለቅህ አለው።

ኦሬስታ ከፈተች፤ መነጽሯ ግንባሯ ላይ፣
ሦስት ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልሎ።
«ምድር ቤት ነው። ቀስ ብለህ ርገጥ፣
እዚህ ቤት ስባሪ አይጣልም፣
የእያንዳንዱ ቦታ ይታወቃል።»

ወረድኩ። አቧራ የዋጠው ማቀጣጠያ፣
አንድ የላላ ሽቦ፣
የአርባ ደቂቃ ሥራ።
ሰማያዊው ነበልባል ብድግ ሲል
ከላይ ጭብጨባ ሰማሁ።

ሂሳቤን ልቀበል ወጥቼ ነው
እግሬ የተያዘው።

ጠረጴዛው ላይ መስኮት ተኝቷል፣ በጀርባው፣
ከገጠር ቤተ ክርስቲያን የመጣ፣
ሐምሌ ላይ በረዶ የፈነከተው።
ጭልም ያለ ነው፤ ሥዕሉ አይለይም።
ኦሬስታ አንዷን ቀይ ቁራጭ ነቅላ
ወደ መብራቱ ብታነሳት፣
የሐዋርያው ካባ
ዘይት የጠገበ ቱታዬ ላይ አረፈ።

«መስታወት አያረጅም» አለ ሽማግሌው ኮርኔሊየስ፣
«የሚደክመው እርሳሱ ነው።
ይሸከማል፣ ይሸከማል፣
አንድ ቀን ይጎብጣል።
ያኔ እኛን ይጠሩናል።»
አጭር ቢላውን ሸጎጥ አድርጎ
እርሳሱን እንደ ባቄላ እሸት ፈለፈለው።

«ቆይ! ቆይ!» አለ ተለማማጁ ሬሚ።
እርሳሱ ከድኖት በኖረው ጠርዝ ላይ
የጉንዳን ዱካ የመሰለ ጽሕፈት፣
የመቶ ዓመትና የምናምን።
ኦሬስታ ባያቶቿ ቋንቋ፣ ፊደል እየቆጠረች፦
«ምድጃው ዛሬም አልነደደም።
ጣቶቼ የኔ አይደሉም።
ያኪቭ።»

ማንም አልተናገረ።
ከታች ማሞቂያው ብቻ ያጉረመርማል።

በኛ ቋንቋ እርሳስ ሁለት ነው አልኳቸው፣
አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይከድናል።
በእንግሊዝኛ ቅኔው ፈሰሰ፤
ሬሚ ብቻ ሳቀ፣ እሱም ለይሉኝታ።

ኦሬስታ ግን ጫፉ አልማዝ የሆነ መጻፊያ ሰጠችኝ።
«አዲሱ እርሳስ ሳይለብስ፣ አንተም ጻፍ።
ለመቶ ዓመት የሚያየው የለም።»

ምን ልጻፍ? ስሜን? የልጄን ስም? ጥቅስ?
ቦታው ከጥፍሬ አይሰፋም።
ጎንበስ አልኩ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፣
«ዘ» ላይ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ደርሶ ማረኝ፦

«ያኪቭ፣ መጥቻለሁ። ትንሽ ዘገየሁ።
ሽቦው ነበር የላላው።
አሁን ይነዳል፤ እጅህን አሙቅ።»

«ምን ይላል?» አለችኝ።
«ደረሰኝ ነው» አልኳት።

ኮርኔሊየስ አዲሱን እርሳስ አለበሰው፣
በአውራ ጣቱ ጫን፣ ጫን አድርጎ
ዘጋው።