ያልታወቀ ድምፃዊ

ጦሳ ጉሙን ደርቦ ከተኛ ቆይቷል፣
ሸዋ በር ላይ አንድ ውሻ ለራሱ ይጮሃል።
እኔ አልተኛሁም።
ከቁም ሣጥኑ ሥር አሮጌ ኮምፒውተር፣
ሽፋኑ ተሰንጥቆ የያዘው ፕላስተር፣
ለቤቱ ሁሉ ዘፈን እንዲያቀርብ ቀጥሬው ነበረ፤
እሱ ግን እንደ ክፉ ዘበኛ መታወቂያ ሲጠይቅ አደረ።
ካወረድኩት ሦስት መቶ፣ ሁለት መቶ ስልሳውን
ባንድ ጆንያ አጭቆ አሰረው አፉን፤
ጆንያው ላይም ጻፈ፦
«ያልታወቀ ድምፃዊ»።

ያልታወቀ? ለማን?
ፀዳለ ጓንጉልን እኮ ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሰፍረው ያውቃታል፤
ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ የሚወርደው የኮምቦልቻ ሹፌር
መሪውን ባንድ እጁ ይዞ፣ ስንኟን ሳትጨርስ ይቀበላታል።

እሺ። የጆንያውን አፍ ፈታሁ።
አንድ ባንድ እያወጣሁ፣ እያዳመጥኩ፣ ስም አወጣሁ።
አንዱ ፋይል ስሙ ዜሮ አንድ ነው፣
አንዱ «ምርጥ ምርጥ አዲስ»፣ እኔን በዕድሜ የሚበልጠው፣
አንዱ ደግሞ ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን፤
ፊደላችንን አይቶ የማያውቅ ማሽን
ሆሄውን ሁሉ በቁሙ ገንዞ ደረደረልን።

ፀዳለንማ ለሁለት ከፈላት፤
በፀሐዩ «ፀ» ለተጻፈችው አንድ ክፍል ሰጣት፣
በጸሎቱ «ጸ» ለተጻፈችው ጓሮ በኩል አከራያት።
አምስተኛ ክፍል በቀይ እስክሪብቶ የተከበበብኝ ስሕተት
እዚህ ቤት ሲያፈርስ አየሁት።
ሽማግሌ ሆኜ፣ ያለ ጫት ያለ ምርቃት፣
ከራሷ ጋር አስታረቅኳት።

ዘመኑ ደግሞ! ሰባ ሰባት ብዬ ብሞላ፣
በፈረንጅ ቆጠረና ስምንት ዓመት ሄደ ወደኋላ።
ያንን ዓመት፣ ወሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠራውን፣
ወስዶ ክረምቱ ያላኮረፈበት ዘመን ላይ አሳረፈው።
ልተወው ብዬ ነበር።
እጄ ቁልፉ ላይ ብዙ ቆየ።
በኋላ ሰማንያ አምስት ብዬ አረምኩት፤
በነሱ ቁጥር ሲጠራ ቀለለኝ መሰለኝ።

በሦስተኛው ሌሊት አንድ ብቻ ቀረ፤ ስም የለው፣ ዓመት የለው፣
ስድስት ደቂቃ ይረዝማል፣ የማን ነህ ብለው መልስ የለው።
ከካሴት የተቀዳ ነው፤ ከዘፈኑ ሥር
ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ የሚንሾካሾክ ነገር።
ሴትዮዋ አምባሰልን ይዛ ወጣች፣ ወጣች፣
ጫፉ ላይ ስትደርስ ተወችው እንጂ አልወረደች።
ማሲንቆው ዝም አለ።
ቀጂው ግን ማቆሚያውን ሳይጫን ቆየ።
ሳል። ጉሮሮ መጥረግ። ከዚያ፦
«ሉባባ፣ በሩን መለስ አርጊው፣ ጉሙ ገባ።»

ጋሼ እንድሪስ!
ፒያሳ፣ ዛሬ የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት ጠባብ ቤት፣
ሁለት ቴፕ አፋጥጦ ለከተማው ካሴት የሚቀዳበት።
ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ።
የዘፋኟ ስም ሲጠፋው፣ በሰማያዊ ቢክ ካርዱ ላይ
«ያቺው» ብሎ ይጽፍ ነበር፤
ገዢም አይጠይቅም፤ ሁሉም ያውቃል የትኛዋ እንደሆነች።

በማን ኪስ፣ በየት አገር ዞራ፣
ማን ወደ ፋይል ገልብጧት፣ ማን ሰማይ ላይ ሰቅሏት፣
እኔ ባለፈው ማክሰኞ ባምስት ብር ዳታ አወረድኳት?

መለስኩና ሰማሁት። ከሳሉ በኋላ
በር ሲጢጥ ይላል፣ ረጅም፣ የሰነፍ ልጅ አዘጋግ፤ ከዚያ ጓ።
እሱ እኔ ነኝ።
ሰባት ዓመቴ ነው፣ ወደ ውጭ መውጣት ፈልጌያለሁ፣
ተቀድቻለሁ።

ክፍት ቦታውን ሞላሁ።
ድምፃዊ፦ ያቺው።
ቀጂ፦ እንድሪስ ይመር፣ ደሴ።
በር፦ ሉባባ።

ማሽኑ ጥቂት አሰበ፤
ከዚያ ያለ አንዳች ጥያቄ በ«የ» ተራ አስቀመጠው።
ብርድ ተሰማኝ። በሩን ልመልስ ተነሳሁ፤
ተዘግቶ ነበር።