ያዘነበለ ቀዳዳ

ልጁ ከቡርዥ መጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
«ከጨረታ ነው የገዛሁት፣ ዋጋውን አይጠይቁኝ» ብሎ፤
ጠረጴዛዬ ላይ አቆመው በቀስታ፤
ሆዱ እንደ ዱባ፣ ትከሻው ላይ የአመድ ጠብታ፣
ቀለሙ የዛገ ማረሻ።
«ሽቦው አርጅቷል፣ ሙሴ፤ ቢቀይሩልኝ፣
የሠሪውን ስም ግን የሚያውቅ ሰው ጠፋኝ።»

ገለበጥኩት። ከሥሩ አረንጓዴ ጨርቅ ተለጥፏል፤
ማኅተም ነበረው ቢባል እንኳ ከሙጫው ጋር ተፍቋል።
ማኅተም ምን ያደርግልኛል? ጣቴን ወደ ውስጥ ሰደድኩ፣
ዳር ዳሩን ዳሰስኩ፤
ወደ ግራ ያዘነበለ ቀዳዳ፣ ከጎኑም
የአውራ ጣት አሻራ፣ ጥፍር የሌለው፤
የእቶን በር በአንድ የበረዶ ሌሊት የበላው።
ኦዲል።
ኦዲል ቴቪኖ፣ ከላ ቦርን መንደር።

ያኔ እሷ እንስራ ሠሪ፣ እኔ ሽቦ ዘርጊ።
ፕላስቲክ ገበያውን ሲወርስ ዝም ብላ ጭቃዋን ረገጠች፤
ገና ያልደረቀውን እንስራ ሥሩን በሹራብ መሥሪያ ወጋች።
አባቷ ጮኸ፦ «አበድሽ? ይህ ምን ውኃ ይይዛል?»
«ውኃማ አይዝም» አለች፤ «የዚህ ወደ ላይ ነው የሚፈሰው፣ ሲመሽ ይታይሃል።»

ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት እቶኑን የጥድ ፍልጥ አጎረሰች፤
በአራተኛው ልከፍት ስል «ተው፣ ይቀዝቅዝ» አለች።
የኔ እሳት በጣት ይበራል፣ በጣት ይጠፋል፤
የሷ ግን ጠፍቶም ይፋጃል።

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣
ብስክሌቴን ከግንቧ አስደግፌ፣ ከደጇ ቆሜ፣
ሽቦዬን በሸክላዋ ሆድ አሳልፌ፣
ሌላ ቃል ሳይወጣ ከአፌ፤
«ይበራል?» ትለኛለች። «ይበራል» እላለሁ።
ሒሳቤን ተቀብዬ እሄዳለሁ።
ቀዳዳው ለምን እንደሚያዘነብል አልጠየቅኋትም፤
የጣቷ ጉዳት ነው ብዬ፣ ላስታውሳት አልፈለግሁም።

ዛሬ አዲሱን ሽቦ ይዤ ተቀመጥኩ፤
መነጽሬን አጣሁት፣ በዳበሳ ሰደድኩ፤
ሳልገፋው፣ ሳላጣምመው፣ እጄን ተከትሎ ሄደ።
በግራ እጄ ነው የምሠራው፤
እናቴም መምህሩም ሊያስተዉኝ በከንቱ ደክመዋል።
ሽቦው በግራ ገባ፤
እኔም ግራ ገባኝ።
ሃያ ዓመት!
አንዲት ሴት ጭቃ ለእጄ ስታዘነብል፣
እኔ «ይበራል» ስል።

«ይበራል?» አለኝ ልጁ።
ማብሪያውን ተጫንኩ።
ስሟን በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩለት፣
እንደ ልማዴ ቀለሙን በመዳፌ እያበላሸሁት።
«አይነበብም» አለ።
ጮክ ብዬ አነበብኩለት።