ሦስት ቀን የሚያገለግል

ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፣ በቀይ ቀለም ጽሕፈት፦
«አራቱን ሙዚየም፣ ባንድ የጋራ ትኬት፤
ሦስት ቀን ያገለግላል። ገንዘብ አይመለስም።»

እኛ ያለን ጊዜ፣ ከዛሬ ረፋድ አንሥቶ
እስከ ነገ ምሳ፣
የድሬው ሚኒባስ እስኪነሣ ሞልቶ።

ስንሻው ወዲያው ብዕር ከደረት ኪሱ መዘዘ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በምድር ባቡር መጋዘን፣
ብሎን ሲመዘግብ ዓይኑ የፈዘዘ፣
ሒሳብ ሳያወራርድ ውሃ እንኳ የማይጠጣ፤
የመናኸሪያውን ደረሰኝ ገልብጦ ቁጥር አወጣ፦

«ሦስቱን ብቻ ካየን ነጠላው ይሻላል፣
ሃያ ብር ይተርፋል፤
አራቱን ካዳረስን የጋራው ይረክሳል።
አራተኛው ታዲያ በስንት ሰዓት ይደርሳል?
ዛሬ ደሞ ዓርብ ነው፤ እኩለ ቀን ይዘጋል።»

እኔ ድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤
ጫማዬን አላላሁ።
ጉልበቴ በቅናሽ አያምንም።

«አራተኛው ቤት ውስጥ ምንድን ነው የሚታይ?»
ረምላ፣ ትኬት ሻጯ፣ ብቅ አለች መስኮቱ ላይ፤
መፋቂያዋን ከጥርሷ አውጥታ አሰበች፤
«ሰፌድ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ ጎራዴ ... ይላሉ» አለች፤
«እኔ አልገባሁበትም።»
«ስንት ዓመት ሸጥሽ?»
«ሦስት ዓመት ከመንፈቅ።
ሰፌዱ እንደሆነ አክስቴ ቤት ሞልቷል፣ እሱን ነው እኔ የማውቅ።
በየሐሙሱ አንድ ባንድ አውርዳ ትጠርጋቸዋለች፤
የነዚህኞቹን አቧራ ማን እንደሚያራግፍ እንጃ።»

ስንሻው አልሰማም። ሁለተኛ ዓምድ ጀመረ፦
ውሃ፣ ባጃጅ፣ ምሳ፤
የኔን ጉልበት ሳይቀር በደቂቃ መነዘረ።
«አንዱ ቤት በአርባ፣ መሀል መንገድ ሃያ፣
ያንቺ ጉልበት ዐሥር ...»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ
ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤
እዚህ ግን ጅቡን ያውቁታል።
ግንቡ ሥር ቀዳዳ ትተውለታል፤
ሲመሽ ይገባል፣ ሳይነጋ ይወጣል፣ ማንም ትኬት አይጠይቀው።
ቁርበት አንጥፉልን ያልነው እኛ ነን፣
ሃያ ብር ላይ ተቀምጠን።

አዛኑ ካንድ ጥግ ተነሣ፣ ሌላው ተቀበለው።
«ስምንት ሰዓት ኑ» ብላ ረምላ መስኮቱን ዘጋች፤
ብርቱካናማ ሻሿን እያስተካከለች
በጠባቡ መንገድ ታጠፈች።
ስንሻው ብዕሩ ክፍት፣ ሒሳቡ ግማሽ።

መኪና ግርግር ወረድን፤ ግርግር የለም።
ሰፊዎቹ ሶላት ሄደዋል፣ ሲንጀሮቹ ጨርቅ ለብሰዋል።
አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ወልደሰንበት የሚባሉ፣
ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው
የባሌን ደረት አዩና፣ «ኪስህ ተተርትሯል» አሉ፤
«ይህ ብዕር ዛሬ ማታ አንተ ጋ አያድርም።»
ሰፉለት። ሠላሳ ብር ጠየቁት።
በትዳር ዘመናችን ሳይከራከር ሲከፍል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ እሱ ሽንት ቤት ሲፈልግ፣
«ሁለት የጋራ» አልኳት ረምላን።
መልሱን አልቆጠርኩም።

አንድ ቤት ብቻ ነው ያየነው።
ስንሻው ካሮጌ ሚዛን ፊት ቆመ፤
መመዘኛ ድንጋዮቹን ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፤
«አንድ ጎድሏል» አለ ለዘበኛው።
ዘበኛው «እኔ ስቀጠርም እንዲሁ ነበር» አለ።
በዚህ ሲሟገቱ መሸ።
እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ ሰፌዶቹን ተመለከትኩ፤
አቧራ አላቸው።

እሑድ። ድሬ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር።
ሙቀቱ ድመቷን ሲሚንቶው ላይ አንጥፏታል።
ስንሻው ወንበሩ ላይ ተኝቷል፣
ብዕሩ በተሰፋው ኪስ።
ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ ትኬቶቹን አየሁ፦
አንዱ ጥጋቸው ተቆርጧል፣ ሦስቱ ጥግ እንዳለ ነው።
እስከ ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ይሠራሉ።
ከተራራው ወዲያ ሦስት ቤት
በሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል።

አልቀሰቀስኩትም።
ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።